ካስክ ኤልና አዲስ ቴክኖሎጂ፦ ጠጪው ይቀበለዋል ወይ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካስክ ኤል ስለሚባለው የብሪታንያ ባህላዊ የበርሜል ቢራ በተደጋጋሚ ለሚነሡ ጥያቄዎች መልሶቹ ከዚህ በታች ቀርበዋል፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካስክ ኤል ምንድን ነው? ከተለመደው ድራፍት በምን ይለያል?

ካስክ ኤል ከፋብሪካ ሲወጣ ሥራው ገና ያላለቀ ቢራ ነው። ሕያው እርሾ እንደያዘ በርሜል ውስጥ ይሞላል፤ በመጠጥ ቤቱ ምድር ቤት ተጋድሞ ሳለ ለሁለተኛ ጊዜ ይብላላል፤ ለዘብ ያለ ጋዙንም የሚያገኘው ከዚሁ ከራሱ መብላላት ነው። በአብዛኛው ዓለም ድራፍት ተብሎ የሚቀርበው ቢራ ግን በፋብሪካ ተጣርቶና ከእርሾው ተለይቶ፣ ኬግ በሚባል የታሸገ የብረት በርሜል ይመጣና በካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ወደ ብርጭቆ ይገፋል። ካስክ ኤልን ወደ ላይ የሚያወጣው የአስተናጋጁ ክንድ ነው፤ ባንኮኒው ላይ የቆመውን ረጅም እጀታ ወደ ራሱ በሳበ ቁጥር ፓምፑ ቢራውን ከምድር ቤት ይስበዋል።

ጠላ ጠምቆ የሚያውቅ ሰው የነገሩ ጠባይ አይጠፋውም፤ ጋኑ ከተከፈተ በኋላ ጠላው ውሎ ሲያድር እንደሚኮመጥጥ ሁሉ፣ ካስክ ኤልም አንዴ ከተከፈተ ዕድሜው አጭር ነው። «እንግሊዞች ሞቃት ቢራ ይጠጣሉ» የሚባለው ግን ትክክል አይደለም። በደንብ የተያዘ ካስክ ኤል የሚቀርበው ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ሲሆን፣ ይህም ከፍሪጅ ከወጣ ቢራ ሞቅ፣ ከክፍል ሙቀት ደግሞ በግልጽ ቀዝቀዝ ያለ ነው።

እንደዚህ ባህላዊ የሆነ መጠጥ አዲስ ቴክኖሎጂ ለምን አስፈለገው?

ዋናው ምክንያት አየር ነው። ከበርሜሉ አንድ ብርጭቆ በተቀዳ ቁጥር የወጣውን ቢራ የሚተካው ከምድር ቤቱ የሚገባ አየር ነው፤ ከአየሩ ጋር የሚገባው ኦክስጅን ቢራውን ያደክመዋል፤ አብረው የሚገቡት ጥቃቅን ነፍሳት ደግሞ ያኮመጥጡታል። ስለዚህ የተከፈተ በርሜል በ3 ቀን ውስጥ ተሸጦ ማለቅ አለበት ይባላል። በብዛት የሚሠራበት ፈርኪን የተባለው በርሜል 72 ፓይንት፣ ማለትም 41 ሊትር ገደማ ይይዛል። በ3 ቀን ለመጨረስ በየቀኑ 24 ፓይንት መሸጥ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ያውም ከአንዱ ዓይነት ብቻ።

በሎንዶን መሐል ላለ ሥራ የሚበዛበት መጠጥ ቤት ይህ ምንም አይደለም። በገጠር ላለና ማክሰኞ ማታ ስምንት ሰው ብቻ ለሚቀመጥበት ቤት ግን ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ የቀረውን ቢራ መድፋት፣ ወይ የደከመውን ቢራ መሸጥ። ሁለተኛውን የመረጠ ባለቤት ደንበኛውን ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለካስክ ኤል በሙሉ ያሳጣል፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ የኮመጠጠ ፓይንት የደረሰው ጎልማሳ በሚቀጥለው ጊዜ ላገር የሚባለውን የተጣራ ቀዝቃዛ ቢራ ያዛል። የቴክኖሎጂው ጥያቄ በአብዛኛው የሚነሣው ከዚህ ሒሳብ ነው።

ጠጪዎቹ ከዚህ በፊት የተቀበሉት ቴክኖሎጂ አለ?

አለ፤ እንዲያውም ዛሬ «ባህል» ተብሎ የሚጠበቀው አብዛኛው ነገር በጊዜው አዲስ መሣሪያ ነበር። የካስክ ኤል አርማ ሆኖ የሚታየው የእጅ ፓምፕ ራሱ የፈጠራ ባለመብትነት የተሰጠበት ማሽን ነው፤ ጆን ሎፍቲንግ በ1691፣ ጆሴፍ ብራማ ደግሞ በ1797 በዚህ መስክ ባለመብትነት አስመዝግበዋል። ከዚያ በፊት ቢራው ከበርሜሉ በቀጥታ በማሰሮ እየተቀዳ ይቀርብ ነበር።

በእንጨት በርሜል ፈንታ ብረት ሲመጣ ግን ተቃውሞ ነበር። በእንጨት በርሜል የሚቀርብ ቢራን ለመጠበቅ የቆመ ማኅበር በ1963 ተመሥርቷል። ሆኖም ካስክ ኤል በብረት በርሜልም እንደ ቀድሞው መብላላቱን ስለቀጠለ፣ የጠጪው ክርክር ቀስ በቀስ ከበርሜሉ ቁስ ወደ ቢራው ጠባይ ዞረ። ዛሬ ከጥቂት ቤቶች በቀር ሁሉም በብረት ወይም በፕላስቲክ በርሜል ይጠቀማሉ፤ በዮርክሻየር ታድካስተር ከተማ ያለው ሳሙኤል ስሚዝ የተባለው ቢራ ፋብሪካ ከጥቂቶቹ አንዱ ሲሆን እስከ ዛሬ የራሱን በርሜል ሠሪ ይዟል። ለነገሩ የድሮዎቹ እንግሊዛውያን ጠማቂዎች እንጨቱ ቢራው ላይ ጣዕም እንዲያሳርፍ አይፈልጉም ነበር፤ ጣዕሙ የማይወጣ የባልቲክ ኦክ ይመርጡ ነበር። ስለዚህ ብረቱ ያጠፋው ነገር ከናፍቆት የዘለለ አልነበረም ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም።

ካምራ ማን ነው? ቴክኖሎጂን በሙሉ ይቃወማል?

ካምራ በ1971 አራት እንግሊዛውያን ወጣቶች አየርላንድን ሲጎበኙ የመሠረቱት የጠጪዎች ንቅናቄ ነው። በዚያ ዘመን ትልልቆቹ ቢራ ፋብሪካዎች ካስክ ኤልን ከመጠጥ ቤቶች እያወጡ፣ እንደ ዋትኒስ ሬድ ባሬል ያሉ ተጣርተው በጋዝ የሚገፉ የኬግ ቢራዎችን በከፍተኛ ማስታወቂያ እያስገቡ ነበር። ንቅናቄው «ሪል ኤል» (እውነተኛ ኤል) የሚለውን ስያሜ አስፋፍቶ ትርጓሜም አበጀለት፦ በባህላዊ ግብዓት የተጠመቀ፣ በሚቀዳበት በራሱ ዕቃ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ የተብላላ፣ ከውጭ የመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይጨመርበት የሚቀርብ ቢራ ነው የሚል ነው።

የትርጓሜው የመጨረሻ ሐረግ ለቀጣዮቹ ዐሥርት ዓመታት ክርክር ምንጭ ሆኗል። ቴክኖሎጂን በጅምላ የሚከለክል ሐረግ ግን አይደለም። በስኮትላንድ ለምሳሌ ካስክ ኤል ለረጅም ጊዜ የሚቀዳው በእጅ ፓምፕ ሳይሆን በታመቀ አየር ግፊት ነበር፤ ይህንንም ንቅናቄው እንደ ባህል ተቀብሎታል። እዚህ ላይ አንድ የማይመች እውነት አለ፦ ደንቡ ቢራውን የሚያበላሸውን አየር ፈቅዶ፣ ቢራው ራሱ የሚያመነጨውን ጋዝ ከውጭ ሲመጣ ይከለክላል። ደንቡ የተጻፈው በ1970ዎቹ በነበረው ጠላት ልክ ነውና እንዲህ ያለ ክፍተት ቢገኝበት አያስገርምም።

ካስክ ብሪዘር የሚባለው መሣሪያ ምንድን ነው? ለምንስ ያን ያህል አጨቃጨቀ?

ካስክ ብሪዘር በበርሜሉና በጋዝ ሲሊንደር መካከል የሚገጠም ትንሽ ቫልቭ ነው። ነገሩን ለመረዳት መጀመሪያ ያለ እሱ የሚሆነውን ማየት ይጠቅማል። የምድር ቤቱ ሠራተኛ በተጋደመው በርሜል ሆድ ላይ ያለውን ክዳን በስቶ ትንሽ የእንጨት ውታፍ ይሰካበታል። መጀመሪያ የሚሰካው ጋዝ የሚያሳልፍ ልል ውታፍ ነው፤ ቢራው ከመጠን ያለፈውን ጋዝ ተንፍሶ ሲረጋጋ ጠጣር ውታፍ ይተካበታል። ሽያጭ ሲጀመር ውታፉ ይላላል፤ አለዚያ ፓምፑ ቢራውን መሳብ ያቅተዋል። ማታ መጠጥ ቤቱ ሲዘጋ ውታፉ ተመልሶ ይጠብቃል። አየር የሚገባው በዚያች ቀዳዳ ነው። ካስክ ብሪዘር ሲገጠም ግን በቀዳዳው የሚገባው አየር ሳይሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ መጠኑ ከተቀዳው ቢራ ጋር እኩል ነው፤ ግፊቱም ከከባቢ አየር ግፊት አይበልጥም። ስለዚህ ቢራውን ወደ ላይ አይገፋውም፤ እንደ ኬግ ቢራም ጋዝ የበዛበት አያደርገውም።

ለትንሽ መጠጥ ቤት ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የበርሜሉ ዕድሜ በጥቂት ቀናት ይራዘማል። ሆኖም ጋዙ ከውጭ የመጣ በመሆኑ ካምራ መሣሪያውን ለዐሥርት ዓመታት ሲቃወመው ኖሯል። ነገሩ የተለወጠው በሚያዝያ 2018 በኮቨንትሪ በተደረገው የአባላት ጉባኤ ነው፤ አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ድርጅቱ በካስክ ብሪዘር ላይ ገለልተኛ አቋም እንዲይዝ ወሰኑ። ይህ ውሳኔ ጠጪው ቴክኖሎጂ ይቀበላል ወይ ለሚለው ጥያቄ የምናገኘው ከሁሉ የጠራ ማስረጃ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የወሰኑት ሻጮች ሳይሆኑ ለባህሉ ይቆረቆራሉ የሚባሉት ጠጪዎች ራሳቸው ናቸው። ይሁን እንጂ መቀበላቸው ብዙ ዓመት ፈጅቷል፤ ውሳኔውም ገለልተኝነት እንጂ ድጋፍ አልነበረም።

መሣሪያው ሁሉን አያድንም። ኦክስጅንን ይከላከላል እንጂ ያልጸዳ ቧንቧን አያጸዳም፤ የምድር ቤቱን ሙቀትም አያወርድም፤ እርሾው ሳይወድቅ በችኮላ የተከፈተውን በርሜልም አያጠራም። ሰነፍ ባለቤት ቢገጥመው ስንፍናውን ጥቂት ቀን ያራዝምለታል፤ ከዚያ በላይ የሚፈይደው ነገር የለም።

ቢራው በከረጢት ውስጥ ሆኖ በፕላስቲክ ኬግ ቢመጣስ?

ኪኬግና መሰሎቹ በጠንካራ ፕላስቲክ ቅርፊት ውስጥ የተቀመጠ ከረጢት አላቸው። ቢራው ከረጢቱ ውስጥ ይሆናል፤ አየር ወይም ጋዝ ከረጢቱን ከውጭ እየተጫነ ቢራውን ያስወጣዋል፤ ነገር ግን ከቢራው ጋር አይነካካም። ቢራው ሕያው እርሾ ይዞ ከረጢቱ ውስጥ ከተብላላ የሪል ኤልን ትርጓሜ ያሟላል፤ ካምራም ከ2010ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይህን ተቀብሏል። ወጣቱ ጠጪ በዚህ ቅር ሲሰኝ አይታይም። አንዳንድ አንጋፎች ግን «ኬግ» የሚለውን ስም ሲሰሙ ወዲያውኑ የ1970ዎቹን ቢራ ያስታውሳሉ፤ እዚህ ላይ ተቀባይነትን የሚያጓትተው ከዕቃው ይልቅ ስሙ ነው።

በምድር ቤት የሚገጠሙ ማቀዝቀዣዎችንና ሴንሰሮችን ጠጪው ይቃወማል?

አይቃወምም፤ ስለማያያቸው። ማቀዝቀዣ ልብስ በበርሜሉ ላይ ሲደረብ፣ ቀዝቃዛ ውኃ የሚዞርበት ቧንቧ ከቢራው ቧንቧ ጋር ተጠቅልሎ እስከ ባንኮኒው ሲደርስ፣ የምድር ቤቱ ሙቀት በስልክ ሲታይ ቅሬታ የሚያነሣ ጠጪ የለም። ቅሬታው የመጣው ከወዲያኛው የባንኮኒ በኩል ነው። በብሪታንያ ብዙ መጠጥ ቤቶች የትልልቅ ኩባንያዎች ንብረት ሲሆኑ፣ ተከራዩ ብዙውን ጊዜ ቢራውን በውል ከአከራዩ እንዲገዛ ይገደዳል። አከራዮች በየቧንቧው ምን ያህል ቢራ እንዳለፈ የሚቆጥሩ መለኪያዎችን ሲያስገጥሙና ተከራዩ ከሌላ ቦታ ገዝቷል ለማለት እንደ ማስረጃ ሲጠቀሙባቸው፣ ተከራዮቹ መለኪያው ትክክል አይደለም ብለው አቤቱታቸውን እስከ ፓርላማ ኮሚቴ አድርሰዋል። ስለ ቴክኖሎጂ ተቀባይነት ስናወራ ጠጪውን ብቻ ብንጠይቅ ግማሹን ታሪክ እናጣለን።

ቢራውን የሚያጠራው የዓሣ ውጤት ነው የሚባለው እውነት ነው? ጠጪውስ የደፈረሰ ቢራ ይቀበላል?

እውነት ነው። አይዚንግላስ የሚባለው ማጥሪያ ከዓሣ የአየር ከረጢት የሚሠራ ሲሆን፣ እርሾውን ሰብስቦ እንደ አተላ ወደ በርሜሉ ሆድ ያወርደዋል። የእንስሳ ውጤት ለማይጠቀሙ ሰዎች ይህ ችግር በመሆኑ፣ አንዳንድ ጠማቂዎች ያለ ማጥሪያ የቀረበ፣ በመጠኑ የደፈረሰ ካስክ ኤል መሸጥ ጀምረዋል፤ በብሪስቶል የሚገኘው ሙር ቢራ በዚህ ይታወቃል።

የጠጪው አቀባበል የተለያየ ነው። ለብዙ ትውልድ የደፈረሰ ፓይንት የብልሽት ምልክት ሆኖ ቆይቷል፤ ደንበኛው ብርጭቆውን ወደ መብራት አንሥቶ ካየ በኋላ መመለሱ መብቱ ነበር። አሁን ደግሞ ያው ድፍርስ «ሆን ተብሎ ነው» ሲባል፣ አስተናጋጁ አስቀድሞ ካልተናገረ ጠብ ይነሣል። የማሳወቅ ጉዳይ ነው፤ በእጀታው ላይ ባለው ምልክት «ያልተጣራ» ተብሎ የተጻፈበት ቢራ ሲመለስ እምብዛም አይታይም።

በ2024 የወጣው ፍሬሽ ኤል ለምን ያን ያህል ተቃውሞ ገጠመው?

ካርልስበርግ ማርስተንስ የተባለው ቢራ አምራች ኩባንያ በ2024 መጀመሪያ ፍሬሽ ኤል ብሎ ያስተዋወቀው ቢራ የሚጠናቀቀው በፋብሪካ ነው፤ የሚመጣው በኬግ ነው፤ ከተከፈተ በኋላ በ3 ቀን ፈንታ 14 ቀን ይቆያል ተብሏል። ዌይንራይት ጎልድ፣ ዌይንራይት አምበርና ሆብጎብሊን አይፒኤ የተባሉት ቢራዎች በዚህ መንገድ ቀርበዋል። እስከዚህ ድረስ የሚያስቆጣ ነገር የለም፤ ትንሽ ለሚሸጥ ቤት ምክንያታዊ መፍትሔ ነው። ችግሩ ቢራው የሚቀዳው በካስክ ኤል የእጅ ፓምፕ መሆኑ ነው።

በብሪታንያ መጠጥ ቤት ያ ረጅም እጀታ ያለ ጽሑፍ የሚናገር ምልክት ሆኗል፤ ያየው ሁሉ «ይህ ሕያው የበርሜል ቢራ ነው» ብሎ ይረዳል። ካምራም ተቃውሞውን ያነጣጠረው በዚህ ላይ ነበር፦ ደንበኛው ካስክ የገዛ እየመሰለው ኬግ ይጠጣል የሚል ነው። ኩባንያው በበኩሉ ፍሬሽ ኤል ካስክን ለመተካት ሳይሆን ካስክ መያዝ ላቃታቸው ቤቶች አማራጭ እንዲሆን የታሰበ መሆኑን ገልጿል። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ሆኖም ያው ቢራ በሌላ ዓይነት ቧንቧ፣ በራሱ ስም ቢቀርብ ኖሮ ክርክሩ ግማሽ ያህል እንኳ አይጋልም ነበር። የካስክ ብሪዘር ጉዳይ ስለ ጋዝ ነበር፤ የዚህኛው ጉዳይ ስለ ምልክት ነው፤ ጠጪው የሁለተኛውን ዓይነት ይቅር ለማለት ይከብደዋል።

አሮጌ መሣሪያ ሲወገድስ ጠጪው ያዝናል?

ያዝናል፤ አንዳንዴም መሣሪያው በብርጭቆው ውስጥ የሚያመጣውን ልዩነት በትክክል ሳያውቅ። በዚያው በ2024 መጀመሪያ ያው ኩባንያ በበርተን አፖን ትሬንት ሲሠራ የኖረውን በርተን ዩኒየን የተባለውን፣ በርካታ የእንጨት በርሜሎች በቧንቧ ተያይዘው እርሾው ወደ ላይ እየፈላ ወደ ገንዳ የሚወጣበትን የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥርዓት ለማቆም ሲወስን፣ ከጠማቂዎችም ከጠጪዎችም ብርቱ ቅሬታ ተሰማ። ከሥርዓቱ አንዱ ክፍል ግን ተርፏል፤ ደርቢሻየር ባክዌል ያለው ቶርንብሪጅ የተባለው ቢራ ጠማቂ ወስዶ ተክሎ ቢራ ይጠምቅበታል። ሥርዓቱን ማንቀሳቀስና ማጽዳት ከባድና ውድ ሥራ ነው፤ የንግዱ ሒሳብ ለማቆም ይገፋል። ያም ሆኖ አንድ ትንሽ ጠማቂ ያንን ጣጣ በፈቃዱ መሸከሙ፣ ከፍሎ የሚጠጣ ሰው እንዳለ ቢያምን ነው።

ልዩነቱ በምላስ የማይለይ ከሆነ ለጠጪው መንገሩ ምን ይጠቅማል?

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። በ2006 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት እዚህ ላይ ይረዳል። ሊዮናርድ ሊ፣ ሼን ፍሬድሪክና ዳን አሪዬሊ በማሳቹሴትስ መጠጥ ቤቶች ውስጥ ቢራ ላይ ጥቂት የባልሳሚክ ኮምጣጤ ጠብታ ጨምረው ለደንበኞች አቀረቡ። ሳይነገራቸው የቀመሱት ብዙዎቹ ከተራው ቢራ ይልቅ ይህን ወደዱት። ከመቅመሳቸው በፊት የተነገራቸው ግን እጅግ ያነሱት ብቻ መረጡት። ከቀመሱ በኋላ ወዲያው የተነገራቸው ሰዎች ግን ምርጫቸው ካልተነገራቸው ሰዎች ብዙም አልራቀም። የተነገረው ነገር የጎዳው ጣዕሙን ሲጠብቁ እንጂ አንዴ ከቀመሱት በኋላ አይደለም።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው አትንገሩት» የሚል የገበያ ሰው ይኖራል፤ በጥናቱ ውጤት ደረጃ አልተሳሳተም። በካስክ ኤል ግን ጠጪው የሚከፍለው ለጣዕሙ ብቻ አይደለም፤ ቢራው በዚያ ምድር ቤት፣ በዚያ ሠራተኛ እጅ መጠናቀቁንም ይገዛል፤ ይህ ደግሞ ምላስ የማያረጋግጠው፣ በቃል ላይ ብቻ የቆመ ነገር ነው። በብሪታንያ ሕግ ካስክ ኤል የተከለለ ስያሜ የለውም፤ ስለዚህ ያን ቃል የሚጠብቀው የባለቤቱ ሐቀኝነትና የጠጪው ጠያቂነት ነው። ጥናቱ ራሱ የሚሻለውን ቅደም ተከተል ይጠቁማል፤ መጀመሪያ ትንሽ በነፃ ማስቀመስ፣ ከዚያ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት በምን መሣሪያ እንደተያዘ መናገር። በብሪታንያ መጠጥ ቤቶች ከመግዛት በፊት በትንሽ ብርጭቆ ማስቀመስ የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ ካስክ ብሪዘር የገጠመም ሆነ ፍሬሽ ኤል የያዘ ቤት ይህን ለማድረግ አዲስ ነገር መማር አያስፈልገውም።